የመጀመሪያ ሆት ሮድዎን ለመስራት እንዴት ያቅዳሉ፣ እንዴትስ ይበጅታሉ?

ሆት ሮድ የድሮ መኪና ነው። አብዛኛውን ጊዜ የ1920ዎቹ ወይም የ1930ዎቹ ፎርድ ሆኖ ክብደቱ ይቀነስና ጉልበተኛ ሞተር ይገባለታል። ባህሉን ያደመቁት በደረቁ የሐይቅ ሜዳዎች ላይ ይሽቀዳደሙ የነበሩ የካሊፎርኒያ ወጣቶች ናቸው። ተጀምረው ጋራዥ ውስጥ የቀሩት መኪኖች ብዙ ናቸው። እንደኔ እምነት አብዛኛዎቹን ያስቀራቸው የሙያ ማነስ ሳይሆን መሃል ላይ ያለቀ ገንዘብ ነው።

ስለዚህ ስራው የሚጀምረው ደብተር ላይ ነው። መኪናውን ለምን እንደሚፈልጉት ይወስኑ፤ ለእሁድ ሽርሽር ነው ወይስ ለረጅም መንገድ? ሞተር፣ ካምቢዮና ዲፈረንሻል በአንድ ላይ ይመረጡ። በኋላ ሞተሩን ልቀይር ካሉ የሞተሩ መያዣ፣ ራዲያተሩና ማርሚታው አብረው ይቀየራሉ።

ለጀማሪ ከ1928 እስከ 1931 የተሰራው ፎርድ ሞዴል ኤ ጥሩ ነው። ወደ 5 ሚሊዮን የሚጠጋ ስለተመረተ መለዋወጫው ዛሬም በአዲስ ይሰራል። ርካሽ ግን የጎደለው መኪና አያጓጓዎት፤ ሙሉው ይሻላል። ሌላ ሰው ጀምሮ የተወውን መግዛትም ብዙ ጊዜ ያዋጣል። ከመክፈልዎ በፊት ግን የባለቤትነት ወረቀቱን ከሻንሲው ቁጥር ጋር ያመሳክሩ። ቁጥሩ የተመታው በሹፌሩ በኩል ባለው ሻንሲ አናት ላይ ሲሆን ቦዲው ይሸፍነዋል። ቦዲው እስኪነሳ ላይታይ ስለሚችል ሻጩን በደንብ ይጠይቁ።

አሁን በጀቱ። ሻንሲና ፍሬን፣ ሞተርና ካምቢዮ፣ ቦዲ፣ ኤሌክትሪክ፣ ወንበር፣ ቀለም ብለው ለየብቻ ይጻፉ። ኪስ የሚያራቁተው ጥቃቅኑ ነው። “ፍሬን” ብለው አንድ መስመር የጻፉት ነገር ዲስክ፣ ሸራ፣ ፔዳል፣ የፍሬን ፓምፕ፣ ቱቦ፣ ማያያዣና ዘይት ይሆናል። ብሎንና ዳዶው፣ ሽቦው፣ የማጓጓዣ ክፍያውም ይቆጠር። ከዚያ በድምሩ ላይ ቢያንስ 25 በመቶ ይጨምሩ።

ብሩን በየደረጃው ያውጡ። መጀመሪያ ሻንሲ፣ ፍሬንና መሪ። የሞዴል ኤ ፍሬን በዘይት ሳይሆን በብረት ዘንግ የሚሰራ ነው፤ የተሰራውም 40 የፈረስ ጉልበት ላለው ሞተር ነው። ሻንሲውም አንድ ጎኑ ክፍት ስለሆነ ለቪ ኤይት (ባለ ስምንት ሲሊንደር) ሞተር ላሜራ ተበይዶ ይዘጋል። ብየዳውን ለባለሙያ ይስጡ፤ እዚህ ላይ ብር መቆጠብ ነፍስን ያስከፍላል።

ለሞተር ያገለገለ ሼቭሮሌት 350 ቪ ኤይት ይበቃል። 5.7 ሊትር ነው፣ ከ1967 ጀምሮ የተመረተ ስለሆነም ዕቃው የትም አይጠፋም። በ1932 የወጣው፣ ፍላትሄድ የሚባለው የፎርድ ቪ ኤይት ሞተር ልብ ይሰርቃል። ነገር ግን ብሎኩ መሰንጠቅ ይወዳል፣ እድሳቱም ውድ ነው። ለሁለተኛ መኪናዎ ያቆዩት።

መኪናውን ያለ ቀለም ሙሉ በሙሉ ገጥመው ይንዱት። የሚንኳኳው፣ የሚያፈሰው፣ የተረሳው ቀዳዳ ሁሉ ያኔ ይወጣል። ከዚያ ፈተው ይቀቡት። ቀድመው ከቀቡት አንዲት የተረሳች መያዣ ስትበየድ ቀለሙ ይቃጠላል፤ ሁለቴ ይከፍላሉ።

ደረሰኝ አይጣሉ፤ ፎቶም ያንሱ። በስምምነት ዋጋ፣ ማለትም ከኩባንያው ጋር አስቀድመው በተስማሙበት የመኪናው ዋጋ፣ ኢንሹራንስ ሲገቡ የመኪናው ግምት የሚቆመው በእነዚህ ማስረጃዎች ላይ ነው።