የነዳጅ መስመር ብሎን ስናጠብቅ የምንሳሳተው

ከአዘዞ ፒያሳ በዶልፊን የሚመላለስም፣ የደባርቅን ዳገት የሚወጣም፣ ብዙው የጎንደር ባለመኪና የናፍጣ ፊልትሮ ግቢው ውስጥ ራሱ ይቀይራል። ጥሩ ነው። ችግሩ ማጥበቁ ላይ ነው።

«ካንጠባጠበ ጨምረህ እሰረው» የሚለው ምክር ከሁሉም የከፋ ነው። የመዳብ ሮንዴላ (ከብሎኑ ራስ ሥር የሚገባው ቀለበት) ፍሳሽ የሚያቆመው ሲጠብቅ ተጨፍልቆ ነው፤ አንዴ ከተጨፈለቀ በጉልበት አይታደስም። ብሎኑ በተፈታ ቁጥር አዲስ ይግባ። ነዳጅ በመሃሉ የሚያልፍበት ባለቀዳዳ ብሎን ከሆነ ሮንዴላው ሁለት ነው፣ ከቱቦው ራስ በላይና በታች። የታችኛውን የሚረሳው ብዙ ነው።

ሌላው ብሎኑን ከመነሻው በቁልፍ መግፋት ነው። የፊልትሮው መቀመጫ አሉሚኒየም ሲሆን ጠሞ የገባ የብረት ብሎን ጥርሱን ይበላዋል። መጀመሪያ በጣት ቀስ እያላችሁ ወደ ግራ አዙሩ፤ ቀጭ ብሎ ዝቅ ሲል ጥርሱ ተገናኝቷል፣ ያኔ ወደ ቀኝ። ሁለት ሦስት ዙር በጣት ካልሄደ አውጡትና ድገሙት።

ተጠምዛዥ ፊልትሮ በሰንሰለት ቁልፍ አይጠብቅም። የድሮው ፊልትሮ የጎማ ቀለበት ተጣብቆ አለመቅረቱን እዩ፣ የአዲሱን ቀለበት ናፍጣ ቀቡት፣ ጎማው ከነካ በኋላ ፊልትሮው ላይ የተጻፈውን ያህል ብቻ በእጅ አዙሩ።

የቱቦ ዳዶ በአንድ ቁልፍ ብቻ ሲጠብቅ ቱቦው አብሮ ይጠማዘዛል፤ ተቃራኒውን ወገን በሁለተኛ ቁልፍ ያዙ። ቴፍሎን ለውሃ ቧንቧ ይቅር፣ ቁራጩ ናፍጣ ወደ ሞተሩ የሚረጨውን ኢንጀክተር ይደፍናል።

ቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካ ቁልፍ) ከተገኘ ቁጥሩ ከመኪናው ማኑዋል ይወሰድ እንጂ ከጎረቤት አይሁን። ማኑዋሉ ካላዘዘ ጥርሱን ዘይት አትቀቡ፤ ሰበቃው ስለሚቀንስ በዚያው ቁጥር ብሎኑ ከልክ በላይ ይሳባል። ጠቅ ሲል አቁሙ፣ «ለእርግጠኝነት» ተብሎ አይደገምም።

የቡና ከሰል ግቢው ውስጥ እየነደደ የቤንዚን መስመር መፍታትስ? ይህን እንኳ ማስረዳት የሚያስፈልግ አይመስለኝም፤ ግን ይደረጋል።

ሞተሩ ተነሥቶ ፍሳሽን በእጅ መዳሰስም እንዲሁ ነው። በኮመን ሬል ናፍጣ ሞተር (ናፍጣው በአንድ የጋራ ቱቦ በከፍተኛ ግፊት ተጠራቅሞ ለኢንጀክተሮቹ የሚታደልበት) ግፊቱ ከ1000 ባር ሊበልጥ ይችላል፣ የማይታይ ጭረት የሚያክል ፍሳሽ ቆዳ ይበሳል። ካርቶን አስጠጉ፤ ከረጠበ ሞተሩን አጥፉ፣ ግፊቱ እስኪወርድ ጠብቁ፣ ከዚያ ቁልፍ አንሡ። ናፍጣ ቆዳ ውስጥ ከገባ ግን፣ ቀዳዳው የመርፌ ቢያክልም ባያምም፣ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ነው።