የደሴ ዳገትና የአረጋውያን አንጎል፦ የእግር ጉዞን እንዴት እንጀምር?

የሰው አንጎል ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ያህል ብቻ ቢሆንም፣ በዕረፍት ጊዜ ከምንጠቀመው ኦክስጅን 20 በመቶ ያህሉን ይወስዳል፤ ኦክስጅኑም የሚደርሰው በደም ነው። ዕድሜ ሲገፋ የደም ሥሮች እየደደሩ ስለሚሄዱ ይህ ፍሰት በወንዶችም በሴቶችም ይቀንሳል፤ በሴቶች ላይ ደግሞ የወር አበባ ከተቋረጠ በኋላ ሥሮችን ያለሰልስ የነበረው ኤስትሮጅን የተባለ ሆርሞን ይጎድላል። ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ ደሙ የሥሩን ውስጠኛ ግድግዳ እየታከከ እንዲሮጥ ስለሚያደርግ፣ ግድግዳው የደም ሥርን የሚያሰፋውን ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለ ንጥረ ነገር ያመነጫል። በካናዳ ካልጋሪ ዩኒቨርሲቲ ተካሂዶ በ2020 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ 206 ጎልማሶችና አረጋውያን ለ6 ወራት የአካል ብቃት እንቅስቃሴ ሠርተው የአንጎላቸው የደም ፍሰት በአማካይ 2.8 በመቶ ጨምሯል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን በዚያ ዕድሜ የሚጠበቀው መቀነስ ነው።

«ደሴ መኖር ራሱ ስፖርት ነው» የሚለው ጨዋታ ግን ግማሽ እውነት ብቻ ነው። ከተማዋ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች፣ ዳገቱን በአንድ ትንፋሽ ልውጣ ያለ ሰው ቁና ቁና ይተነፍሳል፤ ትንፋሽ ከልክ በላይ ሲፈጥን በደም ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል፣ ይህ ሲቀንስ ደግሞ የአንጎል ሥሮች ይጠባሉ። ዳገት አጋምሶ ዓይን የሚያጭበረብረውና ራስ የሚያዞረው አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ በደልዳላ ቦታ ይጀምሩ። ደሴ ውስጥ ረጅም ሜዳ ማግኘት ስለሚያስቸግር፣ አንዱን አጭር መንገድ ደጋግሞ መመላለስ ነውር የለበትም፤ ኮምቦልቻ ያሉ ግን ዝቅ ባለና ሜዳማ በሆነ ቦታ ስለሚኖሩ በዚህ ታድለዋል። በመጀመሪያው ሳምንት 10 ደቂቃ ለ3 ቀናት ይራመዱ፤ ከዚያ በየሳምንቱ 5 ደቂቃ እየጨመሩ በሳምንት 5 ቀን 30 ደቂቃ ላይ ይድረሱ። ይህም የዓለም ጤና ድርጅት ቢያንስ በሳምንት 150 ደቂቃ ከሚለው ጋር ይገጥማል። ከሱብሒ መልስ ወይም ኪዳን አድርሰው ሲመለሱ መንገዱን ትንሽ ማርዘም ከሁሉ ይቀላል። እናቶች «ስንባዝን ነው የምንውለው» ይላሉ፣ እውነትም ነው፤ ይሁን እንጂ የቤት ሥራ በየደቂቃው ስለሚቆራረጥ ልብ ሳትሞቅ ይውላል፤ ከጎረቤት ጋር ተያይዞ መውጣት ይሻላቸዋል።

ፍጥነቱን ለመለካት ሰዓት አያስፈልግም። ከጎንዎ ካለው ሰው ጋር እያወሩ መሄድ ከቻሉ፣ ነገር ግን መንዙማ ወይም መዝሙር ለማዜም ትንፋሽ ካጠረዎት፣ ልኩ እርሱ ነው። አቴኖሎልን የመሰለ የደም ግፊት መድኃኒት የልብ ምትን ስለሚያዘገይ፣ የሚወስዱት ሰዎች በምት ቆጠራ ሳይሆን በዚሁ የወሬ መለኪያ ይመሩ። የደም ግፊት፣ የስኳር ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን ያማክር፤ ጫት የልብ ምትንና ግፊትን ስለሚጨምር በተቃመበት ሰዓት መውጣት አልመክርም።

ጉዞውን ሲጨርሱ በድንገት አይቁሙ፤ ደሙ በእግር ላይ ተጠራቅሞ ራስዎን ሊያዞርዎ ስለሚችል 5 ደቂቃ ቀስ ብለው ይራመዱ። ደረት ከጨነቀዎት ወዲያውኑ ያቁሙ፤ አንድ ጎን ከዛለ ወይም ምላስ ከተሳሰረ ቢሻልም እንኳ ሳይዘገዩ ሐኪም ቤት ይሂዱ።

የብዙ ደሴዎች ቤት ያለው ዳገቱ ጫፍ ላይ በመሆኑ የመጨረሻው አቀበት አይቀርም። ከዘራዎን ይዘው 20 እርምጃ ይውጡ፣ ይቁሙ፣ በአፍንጫ ቀስ ብለው ይተንፍሱ፤ ትንፋሽዎ ሲረጋ ሌላ 20 ይቀጥሉ።