ሲሪያሉ ዝም ሲል ፒኑን መጠየቅ፦ በአንድ መልቲሜትርና በአንድ ሬዚስተር

ኮዱ ኮምፓይል ሆኗል፣ ቺፑ ላይ ተጭኗል፣ የቦርዱ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል፤ በሲሪያሉ (መረጃ ቢት በቢት በሚላክበት መስመር) በኩል ግን ኮምፒዩተሩ ላይ አንድ ፊደል አይወጣም። እዚህ ላይ የብዙ ሰው እጅ የሚሄደው ወደ ሽቦው ነው። ይነቅላል፣ ያገላብጣል፣ ሌላ ጃምፐር ይሞክራል። ጥፋቱ ሽቦው ላይ ከሆነ በዚህ ይገኛል፤ ፒኑ ገና ሥራውን ካልያዘ ግን ሽቦ እስከ ማታ ቢቀያየር ለውጥ የለም። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው ጥያቄ ይህ ነው፦ ፒኑን አሁን የሚነዳው ማን ነው?

ይህን ለማወቅ ኦስሎስኮፕ አያስፈልግም። ደሴም ሁኑ ኮምቦልቻ፣ ወልድያም ሁኑ ቆቦ፣ ጠረጴዛችሁ ላይ ቮልትና ኸርዝ የሚለካ መልቲሜትር፣ አንድ የ10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር፣ ጥቂት ጃምፐር፣ የዩኤስቢ ሲሪያል መቀየሪያና ኤስቲ ሊንክ (ኮድ የሚጭንና ቺፑን የሚመረምር መሣሪያ) ካላችሁ አብሽሩ፣ ይበቃል። ለምሳሌ የምንወስደው ኤስቲኤም32ኤፍ103 ያለበትን ትንሹን ሰማያዊ ቦርድ፣ ብሉ ፒልን ነው። ሌሎቹ ቺፖች የሚለዩበትን በየቦታው እንጠቅሳለን።

ፒኑና ቅኝቱ

ወሎ ውስጥ ይህን በክራር ማስረዳት ይቀላል። ክራሩ ያው ክራር፣ አውታሩም ያው አውታር ነው፤ በባቲ ተቃኝቶ ሳለ አምባሰል ልጫወትበት ቢሉ ግን አይሆንም። ፒንም እንደዚያው ነው። ፒኤ9 ተራ መውጫ ሊሆን ይችላል፣ መግቢያ ሊሆን ይችላል፣ የዩኤስአርት1 (ሲሪያሉን የሚልክና የሚቀበል የቺፑ ክፍል) መላኪያም ሊሆን ይችላል። ቺፑ ሲነሣ ተንሳፋፊ መግቢያ ሆኖ ነው የሚነሣው፤ የሚቃኘው በእናንተ ኮድ ነው።

ቅኝቱ በቅደም ተከተል ይሠራል፦ መጀመሪያ የፖርቱ (የፒኖቹ ቡድን) ክሎክ፣ ማለትም ክፍሉን የሚያሠራው ምት፣ ቀጥሎ የዩኤስአርቱ ክሎክ፣ ከዚያ የፒኑ ሞድ፣ መጨረሻ ዩኤስአርቱን ማብራት። በኤፍ103 ላይ የሚያስፈልጉት ክሎኮች ኤፒቢ2ኢኤንአር በሚባለው ሬጅስተር (የቺፑ ቅንብር በሚጻፍበት ቦታ) ውስጥ ናቸው፤ ቢት 0 ኤኤፍአይኦን (ሥራን ወደ ሌላ ፒን የሚያዛውረውን ክፍል)፣ ቢት 2 ፖርት ኤን፣ ቢት 14 ዩኤስአርት1ን ይከፍታል። ክሎኩ ሳይከፈት ሞዱን ብትጽፉ ቺፑ ስህተት አይነግራችሁም። የጻፋችሁት እንዳልተጻፈ ይቀራል፣ ኮዱ ይቀጥላል። ከምናውቃቸው ጥፋቶች ሁሉ ተደጋጋሚው ይህ ነው፤ ዝም ብሎ የሚያልፍ ስለሆነም ብዙ ሰዓት ይበላል።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ፕሮግራሙን በዲበገር (ኮዱን አቁሞ የቺፑን ውስጥ በሚያሳይ መሣሪያ) ከኢኒሺያላይዜሽኑ (ከመነሻ ዝግጅቱ) በኋላ አቁሙትና የፖርት ኤን ሲአርኤች ሬጅስተር አንብቡ። ሬጅስተሩ ለእያንዳንዱ ፒን አንድ የሄክስ (በ16 የሚቆጠር) አኃዝ አለው፤ ከቀኝ ሲቆጠር የመጀመሪያው የፒኤ8፣ ሁለተኛው የፒኤ9፣ ሦስተኛው የፒኤ10 ነው። የመጨረሻዎቹ ሦስት አኃዞች 4ቢ4 ከሆኑ ፒኤ9 ትክክለኛ መላኪያ፣ ፒኤ10 ትክክለኛ መቀበያ ሆነዋል። 444 ካያችሁ ሞዱ በጭራሽ አልተጻፈም። 434 ካያችሁ ፒኤ9 ተራ መውጫ ተደርጓል፤ ዩኤስአርቱ ቢጮህም ድምፁ ወደ ፒኑ አይደርስም። ሬጅስተሩ በሙሉ ዜሮ ሆኖ ከተነበበ ደግሞ የፖርቱ ክሎክ ዝግ ነው፤ ሳይነካ የሚነሣበት ዋጋ 44444444 ስለሆነ ዜሮ በራሱ ምስክር ነው።

ሃል ላይብረሪ (የቺፑን አምራች ዝግጁ ኮድ) ለሚጠቀሙ አንድ ወጥመድ አለ። ፒኖቹን የሚያዘጋጀው ሃል ዩአርት ኤምኤስፒ ኢኒት የሚባለው ፈንክሽን ላይብረሪው ውስጥ ባዶ ሆኖ፣ ደካማ (የእናንተ ካለ በእሱ የሚተካ) ተብሎ ተጽፏል። እናንተ የራሳችሁን ስትጽፉ በስሙ ላይ አንዲት ፊደል ከሳታችሁ ሊንከሩ (የኮዱን ክፍሎች የሚያያይዘው) ባዶውን ይወስዳል፤ ማስጠንቀቂያ የለም፣ ስህተት የለም፣ ፒንም የለም። እዚያ ፈንክሽን ውስጥ ብሬክፖይንት (ፕሮግራሙ የሚቆምበት ምልክት) አስቀምጡ። ካልቆመ አልተጠራም ማለት ነው።

በኤፍ4 ቤተሰብ ነገሩ ሁለት ደረጃ አለው። ሞደር በሚባለው ሬጅስተር ለፒኑ 10 የሚለውን ሁለት ቢት ትጽፋላችሁ፣ ከዚያ በኤኤፍአር ውስጥ የሥራውን ቁጥር ትሰጣላችሁ፤ ለዩኤስአርት1 እስከ 3 ቁጥሩ 7፣ ለኤስፒአይ1 እና 2 ቁጥሩ 5፣ ለአይቱሲ ቁጥሩ 4 ነው (ኤስፒአይና አይቱሲ ቺፕን ከሌላ ቺፕ የሚያገናኙ መስመሮች ናቸው)። ከኤፍ103 የተቀዳ ኮድ ይህን ቁጥር ስለማያውቀው እዚህ አይሠራም።

የ10 ኪሎ ኦም ፈተና

ዲበገር ባይኖርም ፒኑ ራሱ ይናገራል። የመቀየሪያውን ሽቦ ከፒኤ9 ንቀሉ፤ መቀየሪያው የራሱ ሬዚስተርና መብራት ሊኖረው ስለሚችል ልኬቱን ያበላሻል። የመልቲሜትሩን ጥቁር ግራውንድ ላይ፣ ቀዩን ፒኑ ላይ አድርጉ። ከዚያ የሬዚስተሩን አንድ ጫፍ ፒኑ ላይ አስይዙና ሌላውን ጫፍ መጀመሪያ ወደ ግራውንድ፣ ቀጥሎ ወደ 3.3 ቮልት አዛውሩ። ፕሮግራሙ በዚህ ጊዜ ምንም አይላክ፤ የዩአርት መላኪያ ሥራ ሲፈታ ከፍ ብሎ ነው የሚቆመው።

ሬዚስተሩ ግራውንድ ላይ ሆኖ ሳለ ቮልቱ 3.3 አካባቢ ከቆየ ፒኑን የሚነዳው አለ፤ መላኪያው ተነሥቷል። ቮልቱ ሬዚስተሩን ተከትሎ ወደ 0 ከወረደ፣ ወደ 3.3 ሲዛወርም አብሮ ከወጣ ፒኑ ተንሳፋፊ ነው፤ ወደ ክሎኩና ወደ ሞዱ ተመለሱ። 0.55 እስከ 0.8 ቮልት መካከል ካነበበ የውስጥ ፑልአፕ (ወደ 3.3 ቮልት የሚስብ ሬዚስተር) ያለው መግቢያ ነው፤ ያ ፑልአፕ ከ30 እስከ 50 ኪሎ ኦም ስለሆነ ከ10 ኪሎ ኦሙ ጋር ተካፍሎ እዚያ ያርፋል። ወደ 3.3 ብታስሩትም ከ0 ካልተነሣ ብዙ ጊዜ ፒኑ ተራ መውጫ ሆኖ ዜሮ ተጽፎበታል፤ ያ በሲአርኤች ላይ 434 ሆኖ የምታዩት ነው። አንዳንዴም ሞዱ ትክክል ሆኖ ዩኤስአርቱ ራሱ አልበራም።

ይህ ፈተና አንድ ደቂቃ አይወስድም፤ ለማንኛውም ቺፕ፣ ለማንኛውም ፒን ይሠራል። ባዶ ቮልት ብቻ መለካት ግን ያታልላል። ተንሳፋፊ ፒን በአጋጣሚ 3.3 ሊያሳይ ይችላልና ሬዚስተሩን አትተዉት።

ቅኝቱ ልክ ሆኖ ፍጥነቱ ሲሳሳት

ስክሪኑ ላይ የማይነበብ ፊደል ከወጣ ፒኑ ሠርቷል፤ የቀረው ቦድ ሬቱ (በሰከንድ የሚላከው ቢት ብዛት) ነው። ሄክስ 55ን ያለ እረፍት የሚልክ ሉፕ ጻፉ፣ ፍጥነቱን 9600 አድርጉት። ይህ ባይት ከመነሻውና ከማቆሚያው ቢት ጋር ሲደመር 0 እና 1 እየተፈራረቀ የሚሄድ ሞገድ ይሆናል፤ በመልቲሜትሩ የዲሲ ልኬት 1.65 ቮልት ገደማ፣ በኸርዝ ልኬት የቦድ ሬቱን ግማሽ፣ ማለትም 4800 ይሰጣል።

2400 ኸርዝ ካነበበ ዩኤስአርት2 ወይም 3 እየተጠቀማችሁ የዩኤስአርት1ን ክሎክ አስባችኋል። ዩኤስአርት1 የሚመገበው እስከ 72 ሜጋኸርዝ ከሚደርሰው ኤፒቢ2 (ለቺፑ ክፍሎች ክሎክ ከሚያድል መስመር) ነው፤ ሁለቱ ግን ከ36 የማይበልጠው ኤፒቢ1 ላይ ናቸው። 533 አካባቢ ካነበበ ፍጥነቱ በ9 ተካፍሏል፤ ቺፑ በ72 እሠራለሁ ብሎ በውስጥ 8 ሜጋኸርዙ ቀርቷል። ክሪስታሉን፣ የክሪስታሉን ብየዳና ኮዱ ውስጥ የተጻፈውን የክሪስታል ዋጋ እዩ፤ ብሉ ፒል ላይ 8 ሜጋኸርዝ፣ ኤፍ411 ባለው ጥቁር ቦርድ ላይ 25 ነው። ለማመሳከሪያ፣ በ72 ሜጋኸርዝ ክሎክ 115200 ለማግኘት ቢአርአር ሬጅስተር ላይ የሚጻፈው በአሥርዮሽ 625 ነው።

ፍጥነቱ ከተስተካከለ በኋላ ፒኤ9ን ከፒኤ10 ጋር በአንድ ጃምፐር አገናኙና ቺፑ የላከውን ራሱ ይቀበል። ከተቀበለ ቺፑ ሙሉ ነው። መቀየሪያውንም ለብቻው እንዲሁ አድርጉት፤ ሁለቱን ፒኖቹን አገናኝታችሁ የጻፋችሁት ከተመለሰ እሱም ሙሉ ነው። አሁን የቀረው ሽቦው ብቻ ነውና መላኪያን ወደ መቀበያ አሻግሩ፣ ግራውንዱን አገናኙ።

5 ቮልት፣ ረጅም ገመድና አርኤስ485

ከቆቦ ሜዳ የጉድጓድ ፓምፕ እስከ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ቆጣሪ፣ ረጅም ገመድ ባለበት ሁሉ አርኤስ485 (ሲሪያልን ሩቅ የሚያደርስ መስመር) አለ። እዚህ ላይ የፒን ምርጫ ቺፕ ያስከፍላል። ፒኤ9 እና ፒኤ10 5 ቮልት ይችላሉ፤ ከፒኤ0 እስከ ፒኤ7 ያሉት ግን አይችሉም፤ የዩኤስአርት2 መቀበያ ፒኤ3ም እዚያ ውስጥ ነው። የአርኤስ485 ቺፑ ማክስ485 የሚሠራው በ5 ቮልት ስለሆነ መውጫውም 5 ቮልት ነው፤ በቀጥታ ፒኤ3 ላይ አትሰኩት። ወይ በ3.3 ቮልት የሚሠራውን ማክስ3485 ውሰዱ፣ ወይ በ1 ኪሎና በ2 ኪሎ ኦም ከፋፍሉት፤ 3.33 ቮልት ይወጣል።

የላካችሁት መልእክት መጨረሻው ከተቆረጠ ጥፋቱ የአቅጣጫ ፒኑ (መላክና መቀበልን የሚቀያይረው) ነው። ቲኤክስኢ የሚለው ምልክት የሚነግራችሁ ቀጣይ ባይት ማስገባት እንደምትችሉ እንጂ የመጨረሻው ባይት እንደወጣ አይደለም፤ በ9600 አንድ ባይት ለመውጣት 1.04 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። የአቅጣጫውን ፒን ወደ ታች የምታወርዱት ቲሲ የሚለው ምልክት ከተነሣ በኋላ ይሁን። የ120 ኦም ሬዚስተር ደግሞ በገመዱ ሁለት ጫፎች ላይ ብቻ እንጂ በየመሣሪያው አይደለም።

ኤስፒአይ፦ የተያዙ ፒኖች

ኤስፒአይ1 በመደበኛ ቦታው፣ በፒኤ5፣ ፒኤ6 እና ፒኤ7፣ ብዙ አያስቸግርም። ችግር የሚመጣው ወደ ፒቢ3፣ ፒቢ4 እና ፒቢ5 ሲዛወር ነው፤ ፒቢ3ና ፒቢ4 ከፒኤ15 ጋር ቺፑ ሲነሣ የጄታግ (የዲበገር መስመር) ናቸው። የኤኤፍአይኦን ክሎክ ከፍታችሁ፣ ማፕአር በሚባለው ሬጅስተር ቢት 24 እስከ 26 ላይ 010 ጻፉ፤ ጄታግ ይዘጋል፣ ኤስቲ ሊንክ የሚጠቀምበት ኤስደብሊውዲ ይቀራል። 100 ከጻፋችሁ ሁለቱም ይዘጋሉ፣ ኤስቲ ሊንክም ቺፑን ማግኘት ያቆማል። ያ ከሆነ አትደንግጡ፤ ቡት0ን ወደ 1 አዙራችሁ ሪሴት ስታደርጉ ኮዳችሁ ስለማይነሣ መልሳችሁ መጫን ትችላላችሁ። እነዚህ ሦስት ቢቶች ለመጻፍ ብቻ ናቸው፤ ሲነበቡ የሚሰጡት ዋጋ አይታመንም። ስለዚህ ሬጅስተሩን አንብባችሁ ሌላ ቢት ጨምራችሁ ስትመልሱት እነዚህን ሦስቱን በየጊዜው እንደ አዲስ አብራችሁ ጻፏቸው።

ኤስፒአዩ ከተነሣ በኋላ ራሱን ካጠፋ ኤንኤስኤስ (ታዛዡን የሚመርጠውን) ፒን እዩ። በሶፍትዌር ልትነዱት ከሆነ ኤስኤስኤም እና ኤስኤስአይ የተባሉት ቢቶች ሁለቱም 1 መሆን አለባቸው። አርዱዊኖ ኡኖ ላይ ተመሳሳዩ ፒን 10 ነው፤ ሌላ ፒን ብትመርጡ እንኳ 10ን መውጫ አድርጉት፣ አለዚያ ወደ ታች በወረደ ቁጥር ቺፑ ከጌትነት ወደ ታዛዥነት ይገለበጣል።

ኢኤስፒ32 ላይ ፒን መምረጥ ነፃ ይመስላል፤ አብዛኛው ሥራ ወደ አብዛኛው ፒን ሊዛወር ይችላልና። ከ34 እስከ 39 ያሉት ግን መግቢያ ብቻ ናቸው፣ የውስጥ ፑልአፕም የላቸውም። ከ6 እስከ 11 ያሉት የፍላሽ ሜሞሪው ናቸው፤ የዩአርት1 የተለመዱ ፒኖች 9 እና 10 እዚያ ውስጥ ስለሚወድቁ ሌላ ስጡት። ፒን 12 ደግሞ ሲነሣ ከፍ ብሎ ከተገኘ ብዙዎቹ ሞጁሎች አይነሡም።

አይቱሲና መብራት ሄዶ ሲመጣ

ለአይቱሲ1 ፒቢ6 (ክሎኩ) እና ፒቢ7 (ዳታው) በሲአርኤል (ከ0 እስከ 7 ላሉት ፒኖች በሆነው ሬጅስተር) ላይ የሚኖራቸው አኃዝ ኤፍ ነው፤ ቢ ካደረጋችሁት ፒኑ ወደ ላይም ስለሚገፋ ታዛዡ መልስ ሲሰጥ ሁለቱ ይታገላሉ። በሁለቱም መስመር ላይ ወደ 3.3 ቮልት የ4.7 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ይኑር። ሥራ ሲፈታ ሁለቱም 3.3 ማንበብ አለባቸው። አድራሻውንም ተጠንቀቁ፤ ዲኤስ3231 ሰዓት አድራሻው ሄክስ 68 ነው፣ ሃል ላይብረሪ ግን አንድ ቢት ወደ ግራ ገፍታችሁ ዲ0 ብላችሁ እንድትሰጡት ይፈልጋል።

ዳታው መስመር 0 ላይ ከቀረ ብዙ ጊዜ መነሻው የመብራት መዋዠቅ ነው። ሲነበብ በነበረበት ቅጽበት ማይክሮኮንትሮለሩ ሪሴት ይሆናል፣ ሰዓቱ ወይም ሴንሰሩ ግን በባትሪው ወይም በቀረው ቮልት ይቆያል፤ ዜሮ ቢት እየሰጠ ሳለ ስለተቋረጠ ቀጣዩን ክሎክ እየጠበቀ መስመሩን ይዞ ይቀራል። ሪሴት ቁልፍ መጫን አይፈታውም፣ እሱ የሚነካው የእናንተን ቺፕ ብቻ ነው። መፍትሔው አይቱሲውን ከማንሣት በፊት የሚሠራ አጭር ኮድ ነው፦ ፒቢ6ን ኦፕን ድሬን (ወደ ታች ብቻ የሚስብ) የሆነ ተራ መውጫ፣ ፒቢ7ን መግቢያ አድርጉ፤ ፒቢ6ን 5 ማይክሮሰከንድ ታች፣ 5 ማይክሮሰከንድ ላይ እያደረጋችሁ እስከ 9 ጊዜ ምቱ፤ በየመሃሉ ፒቢ7ን እያነበባችሁ ከፍ ካለ አቁሙ። ከዚያ ፒቢ7ንም ኦፕን ድሬን መውጫ አድርጋችሁ፣ ፒቢ6 ከፍ ብሎ ሳለ ከታች ወደ ላይ አንሡት፤ ያ የማቆሚያ ምልክት ነው። በመጨረሻ ሁለቱን ፒኖች ወደ ኤፍ መልሱና አይቱሲውን አንሡ። ይህ ኮድ ቦርዱ በተነሣ ቁጥር ይሩጥ፤ መስመሩ ነፃ ሲሆን ምንም አይጎዳም፣ የሚፈጀውም ከአንድ ሚሊሰከንድ በታች ነው።