ሶላሩ በአደጋው ማግስት እንዳያሳፍር፦ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት መርካቶ ሸማ ተራ ላይ የታየው የእሳት አደጋ በየትኛውም የመሃል አዲስ አበባ ሰፈር ሊደርስ ይችላል፤ ቤቱ የተጣበቀ፣ መተላለፊያው የጠበበ ነውና። እሳት በገባበት ሰፈር መብራት ይቋረጣል፤ መቋረጡም ተገቢ ነው። ከዚያ በኋላ ግን የተረፈ ዕቃ የሚጠብቀውም፣ የተጎጂ ስም የሚመዘግበውም፣ ዘመድ የሚያፈላልገውም በጨለማ ነው። ባትሪ፣ ኢንቨርተር (የባትሪውን ኃይል የቤት ዕቃ ወደሚጠቀምበት ኃይል የሚቀይር) እና ሶኬት በአንድ ሳጥን የያዘው፣ ከሚታጠፍ ፓኔል ጋር የሚሸጠው ተንቀሳቃሽ ሶላር ለእንዲህ ያለው ሌሊት ይሆናል። ዕድሮች አዋጥተው ቢገዙት ደስ ይለኛል፤ እነዚህን ስህተቶች ከራቁ።

ዋትን ከዋት-ሰዓት ማምታታት

ገዢ ሁሉ የሚወድቅበት ጉድጓድ ይህ ነው። ሻጩ “አንድ ሺህ ነው” ይላል፤ የምኑ አንድ ሺህ እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። ዋት-ሰዓት ሮቶው የሚይዘው ውኃ ነው፤ ዋት ደግሞ የቧንቧው ስፋት። ሁለቱም ተጽፈው ካላዩ ገንዘብ አያውጡ።

ከዚያ ወረቀት ይያዙና ይደምሩ። 1,000 ዋት-ሰዓት ከሚል ባትሪ በኢንቨርተሩ ውስጥ የሚባክነው ተቀንሶ በተግባር 850 ገደማ ይገኛል። በዕድሩ ድንኳን ስድስት ባለ 10 ዋት አምፖሎች አምስት ሰዓት ቢበሩ 300 ይወስዳሉ። ሃያ ስልክ ቻርጅ ማድረግ ሌላ 300 ቢፈጅ ገና ይተርፋል። ለአንድ ሌሊት ይህ ትልቅ ነገር ነው። በአንጻሩ 350 ዋት የሚስብ የኦክስጅን ማምረቻ ማሽን ይህንኑ ባትሪ በሁለት ሰዓት ተኩል ውስጥ ይጨርሰዋል። ስለዚህ ኦክስጅን የሚጠቀም ጎረቤት ካለ ወደ ጤና ተቋም የሚወሰድበትን መንገድ አስቀድሞ ማሰብ እንጂ በሳጥኑ መተማመን አይገባም።

የእንጀራ ምጣድስ? 3,500 ዋት አካባቢ ይስባል። ባለ 1,000 ዋት ኢንቨርተር ገና ሲሰካ ራሱን ያጠፋል። ለተጎጂዎች እንጀራ የሚጋገረው መብራት ባልተቋረጠበት ሰፈር ነው፤ ሶላሩን ለዚያ አታስቡት።

ከአሜሪካ ዘመድ ማስመጣት

ደግ ሐሳብ ነው፣ ግን ሁለት ቦታ ይደናቀፋል። አንደኛው አውሮፕላኑ ነው። መንገደኛ ይዞት የሚገባ የሊቲየም ባትሪ እስከ 100 ዋት-ሰዓት ችግር የለውም፤ ከ100 እስከ 160 የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ከዚያ በላይ አይፈቀድም። አንድ ሺህ ዋት-ሰዓት የሚይዝ ሳጥን በሻንጣ የሚያመጣ ዘመድ ኤርፖርት ላይ ትቶት ይመጣል ማለት ነው። ሁለተኛው ቮልቴጁ ነው፦ ለአሜሪካ ገበያ የተሠራው 120 ቮልት ያወጣል፣ የእኛ ዕቃ ደግሞ በ220 ይሠራል። በጭነት እንኳ ቢገባ የዕድሩን ድምፅ ማጉያ ማስነሳት አይችልም። እዚሁ ሲገዙም ኢንቨርተሩ ፒዩር ሳይን፣ ማለትም እንደ መብራት ኃይሉ ለስላሳ ሞገድ የሚያወጣ፣ መሆኑን ይጠይቁ፤ ርካሾቹ ሞተር ያለውን ዕቃና የሕክምና መሣሪያን ያውካሉ።

ወደ ግድግዳ ሶኬት መሰካት

እዚህ ላይ አልለሳለስም። በሁለቱም ጫፍ ወንድ ሶኬት ያለው ገመድ አሠርቶ የሳጥኑን ኃይል በግድግዳው በኩል “ለቤቱ ሁሉ” መልቀቅ ሰው ይገድላል። ኃይሉ በቆጣሪው በኩል ወደ ውጭው መስመር ሊወጣ ይችላል። ምሰሶ ላይ የወጣው ሠራተኛ መስመሩ ሞቷል ብሎ ነው የሚይዘው። መብራት ድንገት ከተመለሰ ደግሞ ሳጥኑ ራሱ ይቃጠላል። ማከፋፈል ከተፈለገ በማራዘሚያ ገመድ በቀጥታ ከሳጥኑ፤ ቋሚ መስመር ከተፈለገ ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ቤቱን ከውጭው መስመር ነጥሎ ከሳጥኑ ጋር የሚያገናኝ መቀያየሪያ ማብሪያ ይግጠም።

ጥላን መናቅ

ካዛንቺስ ወይም ልደታ ፎቅ ሥር ያለ ግቢ ውስጥ ፓኔል ዘርግቶ “ብርሃን አለ እኮ” ማለት ራስን ማታለል ነው። በፓኔሉ ላይ ያሉት ሴሎች በተከታታይ የተያያዙ በመሆናቸው የልብስ ገመድ ወይም የምሰሶ ጥላ በአንድ ጥግ ቢያርፍ ምርቱ ከጥላው ስፋት እጅግ በልጦ ይወርዳል። በሰፈሩ ከረፋድ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጥላ የማይነካው ጣሪያ የማን እንደሆነ ዛሬ ይታወቅ፤ ባለቤቱም ይጠየቅ።

በበጋ፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት ቀን፣ ባለ 100 ዋት ፓኔል 400 ዋት-ሰዓት ገደማ ቢሰጥ ጥሩ ነው፤ ያን ባለ 1,000 ዋት-ሰዓት ባትሪ ለመሙላት ከሁለት ቀን በላይ ይፈልጋል። በሐምሌና በነሐሴ ከዚህም በብዙ ይቀንሳል። የጎርፍና የመሬት መንሸራተት ሥጋት የሚበረታውም በዚያው ወቅት ነው፤ የጎፋው አደጋ የደረሰው ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ነበር። እንግዲህ ባትሪው አደጋ ሳይመጣ፣ መብራት እያለ ከሶኬት ተሞልቶ መቀመጥ አለበት።

ባለቤት አለማበጀት

ገዝቶ፣ ፎቶ ተነስቶ፣ መጋዘን ውስጥ መርሳት። ሳይነካ የኖረ ባትሪ ቀስ በቀስ ባዶ ይሆናል፤ ጨርሶ ባዶ ሆኖ የከረመ ደግሞ ላይመለስ ይችላል። መፍትሔው አዲስ ኮሚቴ አይደለም፤ ኮሚቴ ሞልቷል። ድንኳኑን፣ አግዳሚውንና ብረት ድስቱን ቆጥሮ አውጥቶ ቆጥሮ የሚያስገባ የዕድር ንብረት ክፍል አለ፤ ሳጥኑም እዚያው መዝገብ ላይ ይግባ። በየወሩ ስብሰባ ቀን ይብራ፣ አንድ አምፖል ይሰካበት፣ የቀረው መጠን ይጻፍ፣ ከጎደለ ይሞላ። ሲቀመጥ ከፍራሽ፣ ከከሰልና ከጋዝ ይራቅ፤ ውኃ የነካው ወይም ያበጠ ባትሪ ደግሞ ጨርሶ አይሰካ።

የመጠቀሚያ ተራውም በዚያው መዝገብ ቀድሞ ይጻፍ፦ በመጀመሪያ የድንኳኑና የመተላለፊያው መብራት፣ ቀጥሎ የመዝጋቢዎቹ ስልክ፣ ከዚያ የተጎጂ ቤተሰቦች፣ የሌላው ስልክ በመጨረሻ። ይህ ካልተወሰነ በዚያ ሌሊት ሶኬቱን የሚይዘው ጉልበት ያለው ነው፤ የዕድሩ ሊቀ መንበር ልጅ ስልክም ከመዝጋቢው ስልክ ይቀድማል።