ከጫካ አፈር አዲስ ፕሮቲን ሲፈልጉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በአንድ ግራም የጫካ አፈር ውስጥ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ባክቴሪያዎች ሊኖሩ ይችላሉ። አብዛኞቹን በቤተ ሙከራ ማሳደግ አልተቻለም። የሜታጂኖሚክስ ትልቅነቱ እዚህ ላይ ነው፤ ባክቴሪያውን ሳናሳድግ ዲኤንኤውን ከአፈሩ አውጥተን እናነባለን፤ ካነበብነውም ፕሮቲኖቹን እንተነብያለን። ግን «አዲስ» ያልነው ፕሮቲን ብዙ ጊዜ የራሳችን አሠራር የፈጠረው ሆኖ ይገኛል።

የመጀመሪያው ስህተት ገና ሲቆፈር ይጀምራል። ላይ ያለው የበሰበሰ ቅጠልና ከሥሩ ያለው አፈር ነዋሪዎቻቸው ይለያያሉ። አትደባልቋቸው። ናሙናውንም ወዲያው አቀዝቅዙት፤ ካልሆነ በቆይታው ቶሎ የሚባዙት ሌሎቹን ይውጧቸዋል።

ዲኤንኤውን በደንብ አለማጽዳትም ብዙ ልፋት ያበላሻል። ለአፈሩ ጥቁር መልክ የሚሰጠው ሂዩሚክ አሲድ ከዲኤንኤው ጋር አብሮ ይወጣና ኢንዛይሞችን ያግዳል። የወጣው ፈሳሽ ቡናማ ከሆነ እንደገና ይጽዳ። አፈር የሌለበት ባዶ ናሙናም አብሮ ይሠራ፤ የማውጫው ኬሚካል ራሱ የባክቴሪያ ዲኤንኤ ይዞ ሊመጣ ይችላል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ኮምፒውተሩ ላይ የሚሠራው ነው። ማሽኑ የሚያነበው ቁርጥራጭ ነው፣ ብዙ ጊዜ 150 ፊደል ገደማ። ሶፍትዌሩ ሲገጣጥም የሁለት ባክቴሪያዎችን ጂን አንድ ላይ ሊሰፋ ይችላል። ያ ፕሮቲን በተፈጥሮ የለም፤ አዲስ መምሰሉም ለዚህ ነው። ስለዚህ መነሻና ማቆሚያ ምልክቱ መሟላቱን፣ መገጣጠሚያው ላይ በቂ ንባብ (ማሽኑ ያነበበው ቁርጥራጭ) መኖሩን እዩ። በሌላ ናሙናም ከተገኘ፣ ወይም ረጅም ንባብ ካረጋገጠው፣ እምነት ይጣልበታል። የማቆሚያ ምልክት ነገር ደግሞ ወጥመድ አለው። «ቲጂኤ» የተባለው ባለ ሦስት ፊደል የዲኤንኤ ምልክት ለአብዛኞቹ ባክቴሪያዎች «አቁም» ማለት ነው፤ ግራሲሊባክቴሪያ ለተባሉት ባክቴሪያዎች ግን ግላይሲን የተባለው አሚኖ አሲድ (የፕሮቲን መገንቢያ) ነው። በተለመደው ኮድ ካነበብናቸው ፕሮቲኖቻቸው ተቆራርጠው ይቀራሉ።

ብላስት ቅደም ተከተልን ከታወቁት ጋር የሚያመሳክር ፕሮግራም ነው። «ብላስት ላይ ተመሳሳይ አላገኘሁም፣ ስለዚህ አዲስ ነው» ማለትም ችኮላ ነው። የፕሮቲን ቅርጽ ከፊደሎቹ ቅደም ተከተል ይልቅ ቀስ ብሎ ነው የሚለወጠው። አልፋፎልድ በተባለው የቅርጽ መተንበያ ፕሮግራም ቅርጹን ተንብያችሁ ከታወቁት ቅርጾች ጋር አስተያዩት፤ የሩቅ ዘመድ ብቅ ሊል ይችላል። ደግሞም ጂን ፈላጊ ፕሮግራም ጂን ነው ያለው ሁሉ ጂን አይደለም። ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው ሚውቴሽኑ (የዲኤንኤ ፊደል ለውጡ) ነው፦ አሚኖ አሲድ የሚቀይሩት ለውጦች ከማይቀይሩት አንጻር በጣም ካነሱ፣ ተፈጥሮ ፕሮቲኑን እየጠበቀችው ነው።

ፕሮቲኑን ለመፈተሽ ጂኑን በቤተ ሙከራ በሚለመደው ባክቴሪያ በኢ. ኮላይ ውስጥ አስገብተን እናስመርታለን፤ አልተመረተም ብሎ መጣልም አይገባም። ፕሮቲኑ በትክክል ሳይታጠፍ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። የማሳደጊያውን ሙቀት ቀንሱ፤ ካልሆነም በሌሎች ባክቴሪያዎች፣ በስትሬፕቶማይሲስ ወይም በፕሴዶሞናስ ሞክሩት።