«ቢጊን» ባጃጅ አያስነሳም

የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ብታይ «ስታርት»ም «ቢጊን»ም ያው «ጀመረ» ናቸው። (እኛ ድሬዎች አንቱታ ላይ ብዙም ስለሌለንበት «አንተ» እያልኩ ልቀጥል።) ብዙ ጊዜም ልክ ነው። ስብሰባ፣ ትምህርት፣ ፊልም በሁለቱም ይጀመራል። ስህተቱ የሚበዛው እኛ «ጀመረ» ትተን «ተነሳ» በምንልበት ቦታ ነው።

ሞተር። ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ጥላ ስር ባጃጁ አልነሳ ሲልህ ለእንግዳው «ኢት ዎንት ስታርት» በለው፣ አለቀ። መኪናም ጄኔሬተርም እንደዚያው ነው፤ «ቢጊን» እዚህ አይገባም። «ስታንድ አፕ» ያልክ እንደሆነማ ባጃጁን በሁለት እግሩ አቆምከው፣ አቦ!

እሳትና ጠብ። የለኮሰውን ወይም የጫረውን ሰው ካወቅከው «ሂ ስታርትድ ኤ ፋየር»፣ «ሂ ስታርትድ ኤ ፋይት» ትላለህ። ማን እንደጀመረው ሳይታወቅ ገበያው መሃል ድንገት ጠብ ከተነሳ ግን «ኤ ፋይት ብሮክ አውት» ይሻላል።

ቤተሰብ። ይሄኛው ጣጣ ያመጣል። እኛ «ቤተሰብ መሠረተ» ስንል አገባ ማለታችን ነው። እንግሊዝኛው «ስታርት ኤ ፋሚሊ» ግን የመጀመሪያ ልጅ መውለድን ነው የሚያመለክተው። ሰርግ ላይ ስለ ሙሽራው «ሂ ስታርትድ ኤ ፋሚሊ» ካልክ ሰሚው ሙሽሪትን ቀና ብሎ ማየቱ አይቀርም። «ጎት ማሪድ» ይበቃል።

ሰዓት። «ከምሽቱ 1 ሰዓት ይጀምራል» ስለምንል «ስታርትስ ፍሮም» ይመጣብናል። ትክክሉ «ስታርትስ አት» ነው። ሐረር ጅብ ማብላት ለምታሳይ አስጎብኚ ሌላም ጣጣ አለ፤ የኛ 1 ሰዓት የፈረንጆቹ «ሰቨን» ነው። «አት ዋን» ካልከው ቱሪስቱ በጠራራ ፀሐይ ጅብ ፍለጋ ይወጣል።

ባቡርና አውቶቡስ። «ጉዞ ይጀምራል» ብለህ «ስታርትስ» አትበል። «ሊቭስ» በል።

ዝናብ። «ኢት ስታርትድ ሬይኒንግ»ም «ኢት ስታርትድ ቱ ሬይን»ም ያስኬዳል። «ስታርቲንግ» ካልክ ግን ሁለት «ኢንግ» አትደርድር፤ «ኢትስ ስታርቲንግ ቱ ሬይን» ነው።

«ኮሜንስ»። ይሄ የውልና የደብዳቤ ቃል ነው። ቁርስ ላይ «አይ ኮሜንስድ ኢቲንግ» ካልክ ፍርድ ቤት ቃልህን የምትሰጥ ትመስላለህ።