በ180 ዙር የሚንቀጠቀጠው ካቢን

አዲሷን አነስተኛ የሽርሽር መርከብ ከርክክብ በፊት ባሕር ላይ እየሞከርናት ነበር። ፍጥነቱ፣ መሪው፣ ድንገተኛ ማቆሙ፣ ሁሉም ጥሩ ነው። ከኋላ ያለ አንድ ካቢን ግን አስቸገረን። ሻፍቱ፣ ማለትም ፕሮፔለሩን (መርከቧን የሚገፋውን ባለክንፍ መዘውር) የሚያዞረው ዘንግ፣ በደቂቃ 180 ዙር ሲደርስ ወለሉ ይንቀጠቀጣል። ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጥኩት ብርጭቆ ውስጥ ውሃው በቀጫጭን ክቦች ይሞላል። 170 ላይ ጸጥ፣ 190 ላይም ጸጥ።

መጀመሪያ የጠረጠርነው ፕሮፔለሩን ነው። እሱን ለመንካት ደግሞ መርከቧን ከውሃ ማውጣት ሊያስፈልግ ነው። በጣም ጨነቀኝ።

ንዝረቱን ስንለካው በሰከንድ 12 ጊዜ ሆነ። በደቂቃ 180 ዙር ማለት በሰከንድ 3 ዙር ነው። በፕሮፔለሩ 4 ክንፎች ሲባዛ 12። ምቱ ከዚያ መጥቷል ማለት ነው። ግን ጤነኛ ፕሮፔለርም እንዲህ ይመታል። በ180 ዙር ላይ ብቻ መጉላቱ፣ ሌላ ነገር አብሮት እየተወዛወዘ መሆኑን ነገረኝ።

የወለሉን ሽፋን አስነሳሁ። ከሥሩ አንድ ረጅም ቧንቧ እንደ ክራር ጅማት ይርገበገባል። ማሰሪያዎቹ በጣም ተራርቀዋል። መሃሉ ላይ እንጨት ወሸቅ ሳደርግበት ካቢኑ ወዲያው ጸጥ አለ!

እዚያው ቦታ ላይ ድጋፍና ጎማ ያለው ማሰሪያ ጨመርን። በማግስቱ በ180 ዙር ደግመን ሄድን። ብርጭቆው ላይ ክቦቹ የሉም።